አሮጌ ማይክሮፎንን ማሻሻል፤ የዩ 47 ታሪክ እንደ ማስረጃ

ስለ ድምፅ ቀረጻ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ዘፋኙን፣ ሸክላውንና ሸክላውን ያሳተመውን ኩባንያ ነው። ድምፁ ከዘፋኙ አፍ ወጥቶ መጀመሪያ ያረፈበትን ዕቃ የሚጠቅስ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዕቃ፣ ይኸውም ኮንደንሰር ማይክሮፎን የተባለውን፣ እንደ አንድ የታሪክ ማስረጃ ቈጥሮ መመርመር ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በ1950 የተሠራና ዛሬ በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ የሚገኝ ማይክሮፎን የ1950ን ድምፅ ያሰማናልን? ብዙ የቀረጻ ባለሙያዎች ያሰማል ብለው ያምናሉ፤ ከዚህም እምነታቸው የተነሣ ለአንድ አሮጌ ማይክሮፎን የመኪና ዋጋ ይከፍላሉ። በበኩሌ ነገሩን ሳጠና ያገኘሁት ከዚህ የተለየ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ ባለፉት 70 ዓመታት ውስጥ ተከፍተው፣ የውስጥ ክፍላቸው ወጥቶ በሌላ ተተክቶ፣ «ተሻሽለው» የኖሩ ናቸው። ስለዚህ የማይክሮፎኑን ታሪክ ለማወቅ የማሻሻሉን ታሪክ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው አሠራር ጥቂት መናገር ይገባል፤ አለዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ትርጉም አይኖረውም። ኮንደንሰር ማይክሮፎን ከከበሮ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ። በከበሮ ላይ ቆዳ ተወጥሮ እንደሚታሰር፣ በዚህም ማይክሮፎን ውስጥ ከሰው ጠጉር እጅግ የቀጠነ ስስ ሽፋን በአንድ የናስ ሳሕን ፊት ተወጥሮ ይታሰራል። ሽፋኑ በወርቅ የተለበጠ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሽፋኑና በሳሕኑ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ በሁለቱም መካከል 60 ቮልት ያህል ይሰጣል። ድምፅ መጥቶ ሽፋኑን ሲያንቀጠቅጠው ክፍተቱ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ በዚያው ልክ ኤሌክትሪኩ ከፍና ዝቅ ይላል። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የሚገኝበት ክፍል ካፕሱል ይባላል። ነገር ግን ከካፕሱሉ የሚወጣው ምልክት ደካማ ስለሆነ ብቻውን ረጅም ሽቦ ሊያቋርጥ አይችልም። ስለዚህ እዚያው በማይክሮፎኑ ሆድ ውስጥ፣ በቀድሞ ሬድዮኖች ውስጥ እንደምናውቀው ያለ፣ እየጋለ የሚሠራ ቫልቭ ይቀመጣል። ከቫልቩም ቀጥሎ ምልክቱን ለረጅም ሽቦ የሚያመቻች ትራንስፎርመር አለ። እንግዲህ ካፕሱል፣ ቫልቭና ትራንስፎርመር ዋናዎቹ ናቸው፤ አንድን ማይክሮፎን አሻሽላለሁ የሚል ሰው እጁን የሚሰድደው ከእነዚህ ወደ አንዱ ወይም በመካከላቸው ወዳሉት ትንንሽ ክፍሎች ነው።

ይህን ዓይነት ማይክሮፎን በ1916 የፈለሰፈው በአሜሪካ በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ክሪስቶፈር ዌንቴ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሥራው ባሳተመው ጽሑፍ ዕቃውን የገለጸው የድምፅን ኃይል በትክክል ለመለካት የሚያገለግል መሣሪያ አድርጎ ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዳይረሳብኝ እለምናለሁ። እንደ ሚዛንና እንደ ቴርሞሜትር ለመለኪያ የታሰበ ዕቃ ነበር፤ በኋላ ግን ሰዎች እንደ ክራር ወይም እንደ ማሲንቆ ይህኛው ጣፋጭ ነው፣ ያኛው ደረቅ ነው እያሉ የሚመርጡት ነገር ሆነ። ማሻሻል የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ የተገኘው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ለመለኪያ የሚያስበው ሰው ተሻሻለ ሲል ስሕተቱ ቀነሰ ማለቱ ነው፤ ለጣዕም የሚያስበው ሰው ግን ተሻሻለ ሲል ደስ አለኝ ማለቱ ነው።

በጀርመን አገር ጌዮርግ ኖይማን በ1928 በበርሊን ከተማ ድርጅቱን አቋቁሞ ሲኤምቪ 3 የተባለውን ማይክሮፎን ለገበያ አቀረበ። ረጅምና ወፍራም ስለ ነበረ ሠራተኞች ጠርሙስ ብለው ይጠሩት ነበር። ቀጥሎም ኤም 7 የተባለው ካፕሱል በ1930ዎቹ ተሠራ። ሽፋኑ ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ በሳሕኑ ጠርዝ ላይ በማጣበቂያ ይለጠፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በኅዳር 1943፣ የበርሊኑ ፋብሪካ በቦምብ ስለ ተመታ ሥራው ጌፌል ወደምትባል በቱሪንጊያ ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ተዛወረ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ጌፌል በሶቪየት ሠራዊት ይዞታ ሥር ዋለች፤ ኖይማን ደግሞ በምዕራብ በርሊን ሥራውን እንደገና ጀመረ። ስለዚህ አንድ የነበረው የእጅ ሙያ ለሁለት ተከፈለ። ኤም 7 ካፕሱል በምሥራቅም በምዕራብም ይሠራ ጀመር፤ ጌፌል የቀሩት ሠራተኞችም ካፕሱሉን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳያቋርጡ ሠርተውታል። የአገሩ መከፈል በመጽሐፍ ሁሉ ተጽፏል። ይህ ትንሽ የናስ ሳሕን አብሮ መከፈሉን ግን የሚያውቁት ጠጋኞች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኖይማን ዩ 47 የተባለውን ማይክሮፎን ያወጣው በ1949 ነው። ይህ ማይክሮፎን በአንድ መዘውር ብቻ ከፊቱ ያለውን ድምፅ አብልጦ እንዲሰማ ወይም ከዙሪያው ያለውን ሁሉ እኩል እንዲሰማ ሊደረግ ይችል ነበር። በውስጡ ያለው ካፕሱል ኤም 7 ሲሆን፣ ቫልቩ በቴሌፉንከን ኩባንያ የተሠራው ቪኤፍ 14 ነበር። በአሜሪካ አገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቴሌፉንከን ስም ይሸጥ ስለ ነበረ ብዙ አሜሪካውያን ማይክሮፎኑን ራሱን ቴሌፉንከን እያሉ ይጠሩታል።

የቪኤፍ 14 ነገር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ይህ ከብረት ሽፋን ጋር የተሠራ ቫልቭ ለማይክሮፎን ተብሎ የታሰበ አልነበረም፤ ለሬድዮ መቀበያ የተሠራ ነው። በውስጡ አምስት ኤሌክትሮዶች ያሉት ሲሆን ኖይማን ግን ሦስት ብቻ እንዳሉት ቫልቭ አድርጎ አገናኘው። ማሞቂያው የታሰበው ለ55 ቮልት ነበር፤ በዩ 47 ውስጥ ግን የሚያገኘው 35 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት አለ። ማይክሮፎኑ ከውጭ የሚቀበለው አንድ የ105 ቮልት ኃይል ብቻ ነው፤ ከዚያው ላይ ለማሞቂያውም፣ ለቫልቩ ሥራም፣ ለካፕሱሉም ይከፋፈላል። ማሞቂያው የሚደርሰውን እንዲያገኝ በማይክሮፎኑ ሆድ ውስጥ አንድ ትልቅ ሬዚስተር ተቀምጦ ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቫልቩ ከታሰበለት በታች ሲግል የራሱ ጫጫታ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ሆኖም ቪኤፍ 14 ሁሉ እንዲህ ባለ ሁኔታ በጸጥታ አይሠራም። ስለዚህ ፋብሪካው ቫልቮቹን አንድ በአንድ እየፈተነ፣ ያለፉትን ኤም በሚል ፊደል ምልክት ያደርግባቸው ነበር፤ የወደቁት ይመለሳሉ።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ዛሬ ሰዎች «ዋናው»፣ «ያልተነካው» እያሉ የሚጠሩት ዩ 47 ራሱ የማሻሻል ውጤት መሆኑን ነው። ሠሪው ለሌላ ሥራ የተፈጠረ ዕቃ ወስዶ፣ ሠሪው ኩባንያ ባላዘዘው መንገድ አገናኝቶ፣ ካዘዘውም በታች አሙቆ፣ ከብዙ መካከል የሚስማማውን መርጦ ነው የተጠቀመበት። በኋላ በየአገሩ የተነሡት አሻሻዮች ያደረጉትም ከዚህ በመሠረቱ የተለየ አይደለም። የአሻሻዮች ሥራ ከፋብሪካው በር ውጭ የተጀመረ ነው የሚለውን አስተያየት ስለዚህ አልቀበለውም።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ቴሌፉንከን ቪኤፍ 14ን መሥራት አቆመ። ማይክሮፎኑ በየሬድዮ ጣቢያውና በየሸክላ ኩባንያው ሥራ ላይ ነበረ፤ ቫልቩ ግን እንደ ሻማ የሚያልቅ ነገር ነው። ኖይማን በተቀመጠው ክምችት ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ዩ 47ን በ1965 አቆመው። በእነዚሁ ዓመታት ካፕሱሉም ተለውጧል። የኤም 7 ፒቪሲ ሽፋን ከጊዜ ብዛት እየደረቀ፣ እየተኰማተረ፣ በመጨረሻም እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ፣ ማይላር ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሽፋን ያለው ኬ 47 ተተካ። የኬ 47 ሽፋን በማጣበቂያ ሳይሆን በብረት ቀለበትና በብሎን የሚያዝ ነው። ስለዚህ በ1950 የተገዛ ዩ 47 ለጥገና ወደ ፋብሪካው ሄዶ ሲመለስ በሌላ ካፕሱል ሊመለስ ይችል ነበር። ባለቤቱም ታደሰልኝ ብሎ ይደሰታል እንጂ ተለወጠብኝ ብሎ አያዝንም። በዚያን ጊዜ ማንም ሰው አሮጌውን ካፕሱል አስቀምጡልኝ አላለም ለማለት ባልደፍርም፣ ልማዱ ግን የሚሠራውን መያዝና የማይሠራውን መጣል ነበር።

ቫልቩን በሚመለከት ደግሞ ፋብሪካው ራሱ መፍትሔ አቀረበ። በ1959 አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኑቪስተር የሚባል የጥፍር ያህል ቫልቭ አውጥቶ ነበር። ይህ ከብረትና ከሸክላ የተሠራ፣ ጫጫታው አነስተኛ፣ ዕድሜው ረጅም የሆነ ዕቃ ነው። ኖይማን 13ሲደብሊው4 የተባለውን የኑቪስተር ዓይነት በቪኤፍ 14 መሰኪያ ላይ እንዲሰካ አድርጎ ለባለቤቶች አቀረበው። በመለኪያ ለሚያስብ ሰው ይህ መሻሻል ለመሆኑ አያጠራጥርም፤ ጫጫታው ቀንሷል፣ ምትኩም በቀላሉ ይገኛል። ብዙ ስቱዲዮዎችም ተቀበሉት።

ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ፍርዱ ተገለበጠ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኑቪስተር ያለበት ዩ 47 ዋጋው ከቪኤፍ 14 ባለቤቱ ያነሰ ሆነ። ባለቤቶችም ኑቪስተሩን አስነቅለው አሮጌውን የብረት ቫልቭ በብዙ ገንዘብ እየፈለጉ ያስተክሉ ጀመር። በአንዱ ትውልድ መሻሻል የተባለው በሌላው ትውልድ ጉዳት ተባለ፤ ጉዳቱን የሚያነሣውም ሥራ «ማደስ» የሚል አዲስ ስም አገኘ። ማይክሮፎኑ በዚህ መካከል አልተናገረም። የተለወጠው የአድማጩ ጆሮና የገበያው ፍላጎት ነው።

ፍላጎቱ ለምን ተለወጠ? አንደኛው ምክንያት ትራንዚስተር ነው። በ1966 ኖይማን ኬኤም 84 የተባለውን የትራንዚስተር ማይክሮፎን ለኖርዌይ ሬድዮ ሲያቀርብ ኃይሉ በዚያው በድምፁ ሽቦ ላይ እንዲሄድ ተደረገ። ኖርዌጂያውያን በስቱዲዮአቸው ለድንገተኛ መብራት የተዘጋጀ 48 ቮልት ስለ ነበራቸው ያ ቊጥር ለዓለም ሁሉ ደንብ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ማይክሮፎን ከባድ የኃይል ሣጥን መሸከም ቀረ፤ የቫልቭ ማይክሮፎኖችም እንደ አሮጌ ዕቃ ተቈጥረው በርካሽ ይሸጡ ጀመር። ይሁን እንጂ በ1982 ሲዲ ወጥቶ ድምፅ በቊጥር መቀረጽ ሲስፋፋ፣ ብዙ ባለሙያዎች አዲሱ ድምፅ ንጹሕ ቢሆንም ቀዝቃዛ ነው ማለት ጀመሩ። ቅዝቃዜውን ለማብረድ ሳይሆን ለማሞቅ የፈለጉት ያንኑ የጣሉትን ቫልቭ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ ማለት ይፈቀዳል።

የአሻሻዮችን ሥራ በትክክል ለመመዘን ዩ 67ንና ዩ 87ን ማየት ይረዳል። ኖይማን ዩ 67ን በ1960 ያወጣው የዩ 47 ተተኪ እንዲሆን ነው። ቫልቩ በዘመኑ በቀላሉ ይገኝ የነበረው ኢኤፍ 86 ነው። በዚያን ጊዜ ዘፋኞች ወደ ማይክሮፎኑ በጣም ተጠግተው መዝፈን ጀምረው ነበር፤ ሲጠጉ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ያለ ልክ ይገዝፋል። ስለዚህ በዩ 67 ውስጥ ወፍራሙን የሚቀንስ ማጣሪያ ተደረገለት። ከዚህም ሌላ ካፕሱሉ ቀጭኑን ድምፅ ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ እንዲሰማ ተሠርቶ፣ ኤሌክትሪኩ ያንኑ መልሶ ዝቅ እንዲያደርገው ታቀደ። በዚህ መንገድ ቀጭኑ ድምፅ ሲወርድ የቫልቩም ጫጫታ አብሮ ይወርዳል። ይህ አሳብ በ1967 ወደ ወጣው ትራንዚስተር ባለው ዩ 87ም ተላልፏል።

አሁን አንድ አሻሻይ ይህን ማይክሮፎን ከፍቶ ቀጭኑን ድምፅ ዝቅ የሚያደርጉትን ክፍሎች ቢያገኝ ምን ይላል? ድምፁን ያፈኑት እነዚህ ናቸው ብሎ ያወጣቸዋል። ማይክሮፎኑም ወዲያው ብሩህ ይሆናል፤ ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን በደስታ ይሰማዋል፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን «ሰ» እና «ሸ» በሚሉ ፊደላት ላይ ጆሮ የሚወጋ ሹልነት ያገኛል። ካፕሱሉና ኤሌክትሪኩ እንደ ባልና ሚስት ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ፣ የአንዱን ጠባይ ብቻ ነጥሎ ማረም ሌላውን ያጋልጠዋል። በኋላ ዘመን በቻይና የተሠሩ ብዙ ርካሽ ማይክሮፎኖችም ይህንኑ አሳይተዋል። የዩ 67ን ካፕሱል መስለው ተሠርተው፣ ቀጭኑን የሚመልሰው የኤሌክትሪክ ክፍል ግን አልተደረገላቸውም። ስለዚህ እነርሱን የሚያሻሽሉ ሰዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ሌሎች ከዩ 87 ያወጡትን ክፍል እነርሱ ያስገባሉ። ሁለቱም ወገኖች ሥራቸውን ማሻሻል ብለው ይጠሩታል። ፋብሪካውም ቢሆን ከዚህ ሥራ አልተገለለም። በ1986 በወጣው ዩ 87 ኤአይ ውስጥ ለካፕሱሉ የሚሰጠውን ቮልት ወደ 60 የሚያደርስ ክፍል ጨምሮ የማይክሮፎኑን ምልክት አጠንክሮታል። የቀድሞውን ዩ 87 የሚወድዱ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ለውጥ ይከራከሩበታል።

ከፋብሪካው ውጭ ከተነሡት አሻሻዮች መካከል ስሙ ሳይነሣ የማይታለፈው በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው ስቲቨን ፖል ነው። የካፕሱል ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ማይክሮን ውፍረት ሲኖረው፣ እርሱ ከአንድ ማይክሮን በታች የሆነ ሽፋን ለመወጠር በቅቷል። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሽፋኑ ሲቀጥን ክብደቱ ስለሚቀንስ ፈጣን ድምፆችን ቶሎ ይከተላል የሚል ነው ክርክሩ፤ አሠራሩም በፊዚክስ የሚደገፍ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ካፕሱል የተሠራለት ዩ 47 ወይም ዩ 87 ምንም ያህል ግሩም ቢሆን፣ ከ1949ኙም ከ1967ቱም ፋብሪካ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። አዲስ መሣሪያ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ ነው። ለሙዚቃ ሰው ይህ ነቀፋ አይደለም፤ ለታሪክ ሰው ግን ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ነው።

ጠጋኞች የሚሠሯቸው ሌሎች ሥራዎች ከዚህ ይልቅ ዝቅ ያሉ ይመስላሉ፤ ውጤታቸው ግን ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ካፕሱሉ በኤሌክትሪክ የተሞላ ስለሆነ አቧራ ይስባል። ዘፋኞች ለብዙ ዓመታት የተፉበት ምራቅና ያጨሱት የትምባሆ ጢስ በወርቁ ላይ ይጋገራል፤ ሽፋኑ ይከብድና ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። እርጥበት በገባ ጊዜም ኤሌክትሪኩ በማይገባው መንገድ እየሾለከ የመሰንጠቅ ድምፅ ያሰማል። በዚያ ክፍል ውስጥ ጣት እንኳ የነካው ቦታ የላብ ቅባት ስለሚተው ጉዳት ያመጣል። በለስላሳ ብሩሽና በተጣራ ውሃ የሚደረግ ጽዳት አንዳንድ ጊዜ ከማናቸውም አዲስ ቫልቭ ይልቅ ማይክሮፎኑን ይመልሰዋል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ሽፋኑ ይቀደዳል። ከቫልቩ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚወስደውን ኮንደንሰር በትልቅ የሚለውጡም አሉ፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል። ሽፋኑን አንሥተው አዲስ ሽፋን የሚወጥሩም አሉ፤ ኤም 7 ላይ ይህ የተጣበቀውን በጥንቃቄ መፋቅ ይጠይቃል። በእኛ አገር የማሲንቆ ቆዳ ሲቀደድ ቆዳው ይለወጣል እንጂ ማሲንቆው አይጣልም፤ ባለማሲንቆውም ሌላ ማሲንቆ ያዝሁ አይልም። ድምፁ ግን የበፊቱ እንዳልሆነ ራሱ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። የተሻሻሉት ሁሉ ማስረጃነታቸው ከተጓደለ፣ ማንም ያልነካውን ዩ 47 ፈልገን እርሱን ብንሰማስ? ችግሩ ያልተነካ ማለት ያልተለወጠ ማለት አለመሆኑ ነው። የፒቪሲው ሽፋን ማንም ሳይነካው ይደርቃል፤ ውጥረቱ ይለወጣል። ቫልቩ ሲሠራ ኖሮ ይደክማል፤ ሬዚስተሩም ሲግልና ሲቀዘቅዝ ኖሮ ከመጀመሪያው መጠኑ ይርቃል። በ1950 ከፋብሪካው ሲወጣ የነበረውን ድምፅ ያልተነካው ማይክሮፎን አያሰማንም፤ የሚያሰማን የ70 ዓመት እርጅናን ነው። የታደሰው ደግሞ የአዳሹን ግምት ያሰማናል። ሁለቱም ምስክሮች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ስለ ራሳቸው ነው የሚመሰክሩት።

ታዲያ በሸክላው ላይ ያለው ድምፅስ? ፍራንክ ሲናትራ በ1950ዎቹ በካፒቶል ኩባንያ ሲቀረጽ በዩ 47 ፊት ቆሞ እንደ ነበረ ፎቶግራፎች ያሳያሉ። በለንደን የኢኤምአይ ስቱዲዮዎች፣ በኋላ አቢ ሮድ በተባሉት፣ ቢትልስ የዘፈኑት በዩ 47ና የእርሱ ወንድም በሆነው በዩ 48 ፊት ነው። እነዚህ ሸክላዎች ከዕቃው ከራሱ ይልቅ የቀረቡ ማስረጃዎች ናቸው፤ ድምፁ የተያዘው ሽፋኑ ሳይደርቅ፣ ቫልቩ ሳይደክም ነውና። ዳሩ ግን ማስረጃው በብዙ እጅ ያለፈ ነው። የኢኤምአይ መሐንዲሶች ራሳቸው ታላላቅ አሻሻዮች ነበሩ። አልቴክ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የገዙትን የድምፅ መጨመቂያ መሣሪያ ከፍተው በራሳቸው አሳብ ለውጠው አርኤስ 124 የሚል ስም ሰጥተውታል፤ የቢትልስም ድምፅ በእርሱ ውስጥ አልፏል። ስለዚህ ሸክላውን ሰምቶ «ይህ የዩ 47 ድምፅ ነው» ማለት፣ ወጡን ቀምሶ «ይህ የሽንኩርት ጣዕም ነው» እንደ ማለት ነው። ሽንኩርት አለበት፤ ብቻውን ግን አይደለም።

ለተማሪ የሚጠቅመው መንገድ ብራናን የሚመረምሩ ሊቃውንት የሚከተሉት ይመስለኛል። አንድ ብራና ተፍቆ እንደገና ተጽፎበት ሲገኝ ሊቁ አዲሱን ጽሕፈት ጥሎ አሮጌውን ብቻ አይፈልግም። ማን ፋቀው፣ መቼ ፋቀው፣ በምን ቀለም ጻፈበት ብሎ ይጠይቃል፤ የፋቂውም ዘመን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በማይክሮፎንም ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው። ካፕሱሉ ኤም 7 ነው ወይስ ኬ 47? ሽፋኑ የተወጠረው በየት ነው? በብየዳው ላይ የስንት ሰው እጅ ይታያል? አንዳንድ ጠንቃቃ ጠጋኞች ያወጡትን ክፍል በከረጢት አድርገው፣ ያደረጉትንም በወረቀት ጽፈው ለባለቤቱ ይመልሳሉ። እንዲህ ያለ ከረጢትና እንዲህ ያለ ወረቀት ለታሪክ ሰው ከማይክሮፎኑ ሣጥን ላይ ካለው ቊጥር ይበልጣል።

ኖይማን ዩ 67ን በ2018፣ ኤም 49 የተባለውን ደግሞ በ2022 እንደገና አውጥቷል። ቪኤፍ 14 ያለበት ዩ 47 ግን ከእነዚህ ጋር አልተመለሰም። ስለዚህ በዓለም ላይ የቀሩት ዩ 47ዎች ዋጋ እየጨመረ፣ በኑቪስተር የተለወጡትም ወደ ብረቱ ቫልቭ እየተመለሱ ይገኛሉ። በእኔ አስተያየት ይህ አንድ ዘመንን እያጠፋ ነው። በ1965 በአንድ ስቱዲዮ የተቀረጸ ዘፈን በኑቪስተር አልፎ ከሆነ፣ ለዚያ ዘፈን እውነተኛው ምስክር ኑቪስተሩ ያለበት ማይክሮፎን ነው እንጂ ወደ 1949 የተመለሰው አይደለም። የተነቀለው የጥፍር ያህል ቫልቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጠጋኙ መሳቢያ ውስጥ ከብሎኖችና ከቁርጥራጭ ሽቦ ጋር ተደባልቆ ይቀራል።